ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ራሴ ላውርድ ወይስ ለመካኒክ ልስጥ? ውሃ እየጠጣች ነው፣ ምክር ፈልጌ

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል ይቅርታ፣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ስለከረመ ልዘርግፈው።

መኪናዬ አሮጌ ናት፣ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ 4 ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ፣ ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጀው) በቺንጋ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ዳገት እየወጣሁ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ፈንድቶ ውሃዋን ጨረሰች፣ እኔ ደሞ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ወሬ ይዤ ጌጁን ያየሁት ቀዩን ካለፈ በኋላ ነው። ቆምኩ፣ አስቀዘቀዝኩ፣ ጎማ ቀየርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ሄድኩ። ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ ግን በሶስት ቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ጠዋት ስትነሳ በሶስት እግሯ እንደቆመች ነገር ትንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ ተፍታ ትስተካከላለች። የዘይት መሙያ ክዳኑን ስከፍተው ደሞ ውስጡ ነጣ ያለ አረፋ ይዟል።

ያሳየሁት ጋራዥ ኮፈኑን ከፈተ፣ ክዳኑን አየ፣ «ጋርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታ ይወርዳል» አለኝ፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል (ብሎኩ) መሃል ያለው ማሸጊያ ተበልቷል ማለቱ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የጠራልኝን ሂሳብ ስሰማ እኔም እንደሷ ሙቀት ሰራሁ።

እስካሁን በእጄ የሰራሁት ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ አንዴ ደሞ ዲናሞ (ቺንጋውን ማጥበቅ ረስቼ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ዋለች)። ቁልፍ ሙሉ ሴት አለኝ፣ ቶርክ ሬንች (ብሎን በልክ የሚያጠብቀው ቁልፍ) የለኝም። ቪዲዮ ሳይ የሚቻል ይመስለኛል፣ ኮፈኑን ከፍቼ ስቆም ግን ያ ሁሉ ሽቦና ቱቦ ያፈዘኛል። እና ጥያቄዬ፦ እንደኔ አይነቱ ሰው ቴስታታ ላውርድ ቢል ድፍረት ነው እብደት?

ካቻቢቴ · ቅዳሜ ማታ

ድፍረት ነው፣ ግባበት! ሞተር ማለት እኮ ብሎን ነው ወንድሜ፣ የታሰረ ይፈታል የተፈታ ይታሰራል። እኔ የመጀመሪያዬን ሳወርድ ዘይት እንኳን በእጄ ቀይሬ አላውቅም ነበር፣ ይኸው እስካሁን ትሄዳለች። ለሰው የምትከፍለውን ለቁልፍ ክፈልበት፣ ቁልፉ ያንተው ሆኖ ይቀራል። ያንተ አይነቱ ባለ ቺንጋ 4 ሲሊንደር ደሞ ለመማሪያ የተሰራ በለው፣ ቦታ አለው፣ እጅ ይገባል።

ነጭ_ጭስ · ቅዳሜ ማታ

ካቻቢቴን አትስማው ሃሃሃ። በሱ አይነት ምክር ከተቃጠሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ቴስታታውን አወረድኩ፣ አሰራሁት፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ገዛሁ፣ ሁሉም ነገር ልክ እንደ ማኑዋሉ። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ሳወርደው የፈሰሰ ውሃና ዘይት ተጠራቅሞ ነበር። አላየሁትም፣ ማየት እንዳለብኝም አላውቅም። ቀዳዳዎቹ ታች ዝግ ናቸው፣ ፈሳሽ ደሞ አይጨመቅም፣ ብሎኑን ሳጠብቀው ያ ፈሳሽ የሚሄድበት አጥቶ ጎኑን ገፋ። ጧ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቁልፉ የተንሸራተተ መስሎኝ ቀጠልኩ። ለካ ብሎኩ ተሰንጥቋል። አንዲት ማንኪያ በማትሞላ ፈሳሽ ሙሉ ሞተር ገደልኩ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅና በአየር ለማድረቅ አስር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ተበድረህም ቢሆን ለሚያውቅ ስጥ።

ጥቁር_ጥፍር · እሁድ ጠዋት

ሁለታችሁም ቆዩ እስቲ። ልጁ ገና በሽታው ሳይታወቅ እናንተ ስለ ቀዶ ጥገናው ትከራከራላችሁ።

እኔ 26 ዓመት ከዚህ ስራ ጋር ነኝ፣ ጋርኒሲዮን ነው ተብሎ ቴስታታው ወርዶ ጋርኒሲዮኑ ድርቅ ያለ ጤነኛ ሆኖ የተገኘበትን ቀን አይቻለሁ። ክዳን ስር ያለ አረፋ ብቻውን ምስክር አይሆንም፣ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበቱ ወጥቶ ክዳኑ ላይ ያርፋል፣ ከዘይት ጋር ሲመታ ያው ያንተ አረፋ ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ እየው፣ እዛም ወተት ከመሰለ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። ነጭ ጭስም በብርድ ጠዋት የማንም መኪና ያጨሳል፣ እኔን የሚያሳስበኝ ከሞቀች በኋላ አልጠፋ ያለውና ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነው። ውሃ ያለ ጠብታ መጥፋቱም ከራዲያተር ክዳን ሊሆን ይችላል፣ ከውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል (ትኩስ ሞተር ላይ ጠብ ሲል እዛው ተኖ ያልቃል)፣ ከሂተሩ ራዲያተርም ይሆናል፣ የፊት ተሳፋሪውን ምንጣፍ በእጅህ ዳስሰው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። አንደኛ፣ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳት። ቀዝቅዞ ያልኩት ለወግ አይደለም፣ ሲስተሙ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል፣ ክዳኑን ያነሳህለት ቀን ግን ባንዴ ፈልቶ ፊትህ ላይ ነው። ከተነሳች በኋላ ውሃውን እይ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረፋ የታሰረ አየር ነው፣ ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የሲሊንደር ጋዝ እየገባ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ አለ፣ ራዲያተሩ አፍ ላይ ትሰካውና በላስቲክ ኳሱ እንፋሎቱን በፈሳሹ ውስጥ ትስበዋለህ፣ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሰማያዊውን ቢጫ ያደርገዋል። ውሃውን ቀድመህ ትንሽ ቀንስ፣ ውሃው ራሱ ተስቦ ከገባ ምርመራው ተበላሸ። ሶስተኛ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚይዘውን ግፊት) ለካ። አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ የነዳጅ ፓምፑንና የኮይሉን ፊዩዝ ንቀል፣ ነዳጅ መርገጫውን አንድ ሰው እስከ ታች ይርገጥልህ፣ ሞተሪኖውን አዙር። እኔ ከቁጥሩ በላይ የማየው ልዩነቱን ነው። ጎረቤታም የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የተበላው በመሃላቸው ነው።

ይሄን ሳታደርግ አንድ ብሎን እንዳትነካ። መንዳቱንም አቁም።

ፈጣን_መፍትሄ · እሁድ ጠዋት

ለምን ትደክማላችሁ ያንን ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ማሸጊያ አድርግበት በቃ፣ የማውቀው ልጅ አድርጎበት ዓመት ነድቷል

ጥቁር_ጥፍር · እሁድ ጠዋት

ያ ነገር ቀዳዳ መርጦ አይደፍንም። የራዲያተሩንም የሂተሩንም ቀጫጭን ቱቦ አብሮ ይዘጋል፣ ቴስታታው መውረዱ ላይቀር በላዩ ሌላ ስራ ትጨምራለህ። ልጣላት ብሎ የወሰነ ሰው ያድርገው፣ ልያዛት የሚል አያድርገው።

እህተ_ሞተር · እሁድ ከሰዓት

የጋሼን ምርመራ አንድም ሳታስቀር አድርግ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ያለሷ ስንት ቀን መኖር ትችላለህ? ዝናብ የማያገኘው፣ ማንም አንሳት የማይልህ ቦታስ አለህ?

ይሄን የምልህ መካኒክ በሁለት ቀን የሚጨርሰው ስራ እኔ ላይ አምስት ቅዳሜና እሁድ ስለፈጀብኝ ነው። ግማሹ ደሞ ስራ አልነበረም፣ መጠበቅ ነበር፣ አንዴ ጋርኒሲዮኑን፣ አንዴ የብሎኖቹን ሴት፣ አንዴ የቶርኖ ቤቱን (ብረት በማሽን የሚያስተካክሉበትን) ወረፋ። ስራ የምሄድባት እሷው ብትሆን ኖሮ በሶስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ቁርጥራጯን በካርቶን አድርጌ ለመካኒክ እወስድ ነበር፣ ቁርጥራጭ ሞተር የሚቀበል መካኒክ ደሞ ፊቱን አይተህ ታውቃለህ?

ካርቶን ካልኩ አይቀር፣ ከቁልፍ በላይ የረዳኝ ካርቶን ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ሞተሩን ከላይ ሲታይ በስክሪብቶ ሳልኩት፣ የፈታሁትን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑን ወግቼ ሰካሁት። ስትፈታ ሁሉም ግልፅ ነው፣ ከወር በኋላ ስትመለስበት ግን ብሎኖቹ ሁሉ ወንድማማች ይመስላሉ። አንዷ ከጓደኞቿ ትንሽ አጠር ትል ነበር፣ ረጅሟን እዛ ባስር ኖሮ ጫፏ ጉድጓዱን ትነካና የጠበቀች ትመስላለች፣ አልጠበቀችም። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣዎቹ ላይ ቁጥርና ቀስት አለ፣ ቦታና አቅጣጫ እንዳታቀያይር። ሶኬቶቹን በፕላስተር ቁጥር ለጥፍባቸው፣ ፎቶም አንሳ ግን በፎቶ ብቻ አትተማመን፣ የኔ ፎቶዎች ላይ ሁሌ የሚፈለገው ነገር ከአንዱ ቱቦ ጀርባ ነው።

ካቻቢቴ · እሁድ ከሰዓት

ኧረ ሰውዬውን አታስፈራሩት! ቶርክ ሬንችም ግዛ ይሉሃል አሁን፣ እጅ ያውቃል ወንድሜ፣ እኔ በእጄ ነው የማስረው

ነጭ_ጭስ · እሁድ ከሰዓት

እና ያንተ ቴስታታ ስንቴ ወረደ?

ካቻቢቴ · እሁድ ከሰዓት

ሁለቴ። ሁለተኛው ግን ሌላ ምክንያት ነበረው

እህተ_ሞተር · እሁድ ከሰዓት

😂😂😂

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ረቡዕ ማታ

ተመለስኩ። መጀመሪያ ጋሽ ጥቁር ጥፍር እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉትን ሁሉ አድርጌያለሁ።

የመለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ንፁህ ነው፣ አረፋው ክዳኑ ላይ ብቻ ነበር። ምንጣፉም ደረቅ ነው፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ከዛ ቀዝቅዛ እያለች ክዳኑን ከፍቼ አስነሳኋት፣ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ አረፋው አልቆመም፣ ነዳጅ ስሰጣት ይብሳል። ሰማያዊውን ፈሳሽ ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ፣ ኳሱን አስር ጊዜ ያህል እንደጨመቅኩ መጀመሪያ አረንጓዴ ቢጤ ሆነ ከዛ የሎሚ ቢጫ። አፍጥጬ ቆምኩ። ኮምፕሬሽኑ 1ኛው 12.5 ባር፣ 2ኛው 12.3፣ 3ኛው 7፣ 4ኛው 6.5።

ስለዚህ ያ ጋራዥ ባያያትም አልተሳሳተም መሰለኝ። 3 እና 4 መሃል ነው ማለት ነው አይደል ጋሼ?

ለእህተ ሞተር፦ በእግር የምሄድበት ስራ ነው ያለኝ፣ ወር ከምናምን ብትቆም አልሞትም። ጣሪያ ያለው ቦታም አለኝ።

ጥቁር_ጥፍር · ረቡዕ ማታ

አንቱታውን ተወው፣ እዚህ ሁላችንም እጃችን ዘይት ነው።

አዎ፣ ሁለቱ መሃል ተበልቷል፣ ወደ ውሃውም ቀዶለታል። ጥሩ ስራ ሰርተሃል፣ አሁን የምትወርደው በማስረጃ ነው። ዘይቱ ውስጥ ውሃ አለመግባቱም ዕድል ነው፣ ኩላንት (የራዲያተሩ ውሃ) የገባበት ዘይት ብሮንዚኖቹን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸውን) ይበላቸዋል፣ ያኔ ከላይ ብታስተካክል ከታች ያንኳኳብሃል።

የቀረው ጥያቄ ቴስታታው ተጣሟል ወይ ነው፣ ይሄን እስክታወርደው ማንም አይነግርህም። ብሎኩ ብረት ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ (ባንተ ዘመን ሞተር ብዙውን ጊዜ እንደዛ ነው) አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በብሎን ተይዞ የሚለጠጥበት ሲያጣ መሃሉን ያጎብጣል። አንተ ደሞ ቀዩን አሳልፈሃታል። ስለዚህ ሂሳብህ ውስጥ የቶርኖ ቤቱን አሁኑኑ አስገባ፣ አትርፌያለሁ ብለህ ኋላ እንዳትደነግጥ።

በራስህ የምትሰራ ከሆነ አራት ነገር ላይ አልለቅህም። ቴስታታውን ስትፈታ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከዳር ወደ መሃል፣ እያንዳንዱን በጥቂት በጥቂቱ ዞር እያልክ ፍታ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ደህናውን ቴስታታ አንተው ታጣምመዋለህ። ስታስር ተቃራኒው ነው፣ ከመሃል ወደ ዳር። ሁለተኛ፣ የድሮውን ጋርኒሲዮን ቅሪት ስትፍቅ ያን በድሪል የሚዞር የአሸዋ ዲስክ እንዳታስጠጋው። አልሙኒየሙን ይሰረጉደዋል፣ ደቃቁ አሸዋ ደሞ ዘይት መንገድ ገብቶ ብሮንዚን ይፈጫል። ፕላስቲክ መፋቂያ፣ ማለስለሻ ፈሳሽ፣ ትዕግስት። ሶስተኛ ነጭ ጭስ ያለው ነገር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አድርቅ፣ ልጁ በውድ ነው የተማረው በነፃ ውሰደው።

አራተኛው ካቻቢቴን ያስቀይመዋል። ብዙ ሞተር ላይ የቴስታታ ብሎን የሚታሰረው በጉልበት መጠን ብቻ አይደለም፣ በዲግሪ ነው። ያንተን ማኑዋል እይ እንጂ ለምሳሌ 29 ኒውተን ሜትር ከዛ 90 ዲግሪ ከዛ ሌላ 90 ዲግሪ የሚል አለ። መጀመሪያው ላይ ሁሉም እኩል እንዲነሱ ነው፣ ከዛ በኋላ ብሎኑ ራሱ ይለጠጣል፣ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ የሚይዘው ያ መለጠጡ ነው። ለዛም ነው ብዙዎቹን ፈተህ መልሰህ አታስራቸውም፣ አንዳንድ ማኑዋል ርዝመቱን ለክተህ ካላለፈ ተጠቀም ይላል፣ የጠረጠርክ ቀን አዲስ ግዛ። ይሄን እጅ አያውቀውም። የኔም እጅ አያውቀውም።

ካቻቢቴ · ረቡዕ ማታ

እሺ ተሸነፍኩ፣ ሁለተኛው ጊዜ የወረደው በዛ ነበር

ባለ_ዲዝሉ · ረቡዕ ማታ

ጣልቃ ልግባ፣ ዲዝል ላይም ያው ነው?

ጥቁር_ጥፍር · ረቡዕ ማታ

ሃሳቡ ያው ነው ግን ብዙ ዲዝል ላይ የጋርኒሲዮኑ ውፍረት በደረጃ ነው የሚመጣው፣ ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ስንት ብቅ እንደሚል ለክተህ ትመርጣለህ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ወይ ጥርሶች ያንን ነው የሚነግሩህ። የድሮውን ሳትጥል ምልክቱን እይ። ለቀሪው ሌላ ክር ክፈት ይሄ ረዘመ።

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ሐሙስ ማታ

ወሰንኩ፣ እገባበታለሁ። ግን እንዲሁ ዘልዬ አይደለም፣ ሶስት ቦታ ላይ ቆሜ ላስብ ለራሴ ቃል ገባሁ። አንዱ የኤግዞስት ማኒፎልዱ ብሎኖች ናቸው፣ ዝገው አይቻቸዋለሁ፣ ቴስታታው ውስጥ ከተሰበሩብኝና ካልወጡልኝ እዛ ላይ አቁሜ አስጎትታታለሁ። ሁለተኛው ቴስታታው ወርዶ ስንጥቅ ከተገኘ፣ ያኔ ሞተር መቀየርና መጠገን ይወዳደሩ። ሶስተኛው ታይሚንጉን ካሰርኩ በኋላ በእጄ አዙሬ አንዳች ነገር ከያዘኝ፣ ሳልነካካት ሰው እጠራለሁ። ቶርክ ሬንችና የዲግሪ መለኪያ ተዋስኩ፣ ማኑዋሉንም የራሷን ሞተር ኮድ አይቼ አገኘሁት።

ነጭ ጭስ፣ ምክርህን አልሰማሁም ግን ታሪክህን ጋራዡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነጭ_ጭስ · ሐሙስ ማታ

ለጥፈው። ነዳጅ ቱቦውን ከመፍታትህ በፊት ግፊቱን አስተንፍስ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። የሞተር መያዣው ከተፈታ ከስር ክሪክና እንጨት፣ ክሪኩ ብቻውን አይሁን። ያወጣኸውን ኩላንት ደሞ ክፍት እቃ ላይ አትተወው፣ ይጣፍጣል እንስሳትና ልጆች ይጠጡታል፣ መርዝ ነው። በል ቀናህ።

ጀማሪው_ቁልፈኛ · እሁድ ማታ (ሁለተኛው ሳምንት)

ሪፖርት። የኤግዞስት ብሎኖቹ ላይ ሶስት ቀን ጠዋትና ማታ ዝገት ማላቀቂያ ስነፋ ቆየሁ። ዘጠኙ ወጡ። አንዷ አልወጣም አለች፣ ሳጠብቅ ሳላላ ሳጠብቅ ሳላላ ቆይቼ ድንገት እንደ ማስቲካ ለሰለሰችብኝ። ያን ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ብሎን እየተፈታ ሲላላና እየተሰበረ ሲላላ እጅ ላይ ይለያያል፣ ግን ሲለይህ ረፍዷል። ከቴስታታው ግማሽ ጣት ያህል ወጣ ብላ ተሰበረች። ወደ ቤት ገባሁ። ስልኬን ዘጋሁ። ጠዋት ላይ ግን ያ የወጣው ግማሽ ጣት ዕድሌ መሆኑን ገባኝ፣ በላይተር ጋዝ ችቦ ዙሪያውን አሙቄ ለስላሳ መያዣ ባለው ፒንሳ ይዤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስላት ሲጥ አለች። እንዲህ ደስ ያለኝ ብዙ ነገር የለም።

ቴስታታውን ሳነሳው አንድ ሰው አገዘኝ። ጋርኒሲዮኑ 3 እና 4 መሃል ያለችው ቀጭኗ ድልድይ ጥቁር ሆና ተበልታለች፣ ክፍተቷ ክብሪት እንጨት እንኳን አታህልም። ይሄን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ በርዝመቱም በሰያፉም አስቀምጬ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች) ከስሩ ሰደድኩ። 0.05 ሚሊ ሜትር ገባ። 0.10 ገባ። 0.15 አልገባም። ማኑዋሌ የሚፈቅደው 0.05 ነው። ብሎኩ ግን ደህና ነው፣ 0.05ቱ የትም አልገባም።

ጥቁር_ጥፍር · እሁድ ማታ

ቶርኖ ቤት። ከማስላግህ በፊት ስንጥቅ በግፊት ይፈትሹት፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ላይ ገንዘብ እንዳትጨምር። ስንት እንደሚያነሱለትም ጠይቅ፣ ቴስታታው ከዝቅተኛው ቁመት በታች መውረድ የለበትም ማኑዋሉ ላይ አለ። እዛው ሳለ የቫልቭ ጎሚኖቹን (ዘይት የሚያግዱትን ላስቲኮች) አስቀይር። ቺንጋውንና የውሃ ፓምፑንም አዲስ አድርግ፣ ሁለቴ አይከፈትም።

እህተ_ሞተር · እሁድ ማታ

ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በንፁህ ጨርቅ ድፈን፣ ጨርቁንም ቁጠረው። አራት ካስገባህ አራት አውጣ።

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ሰኞ ማታ (አምስተኛው ሳምንት)

ተነሳች!!!

በዝርዝር፦ ቴስታታው ስንጥቅ የለውም፣ ተላገ፣ መለስኩት። የብሎን ቀዳዳዎቹን በአየርና በጨርቅ ሁለቴ አደረቅኳቸው (ነጭ ጭስ አንተን እያሰብኩ)። ብሎን አዲስ። ዲግሪውን ሳዞር ሁለተኛው 90 ላይ ቁልፉ የሚሰበር መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ብሎኑ ሲለጠጥ ጉልበቱ ይጨምር ይጨምርና አንድ ቦታ ላይ እኩል ይሆናል፣ እዛ ላይ ሁሉም ነገር እየተላጠ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም ለካ እንደዛ ነው። ታይሚንጉን ምልክት ለምልክት አሲዤ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት፣ ካምሻፍቱ አንድ ስለሚዞር ምልክቶቹ በሁለት ዙር ነው የሚገናኙት። መጀመሪያ አልተገናኙም። አንድ ጥርስ አልፎ ነበር። ቃሌ ሰው ጥራ ነበር፣ ግን ምንም ስላልያዘኝና ስህተቱ የት እንደሆነ ስላየሁት ፈታሁና መለስኩት፣ ድጋሚ ሁለት ዙር፣ ተገናኙ።

ቁልፉን ሳዞር አራት ሰከንድ ያህል ዝም ብላ ዞረች፣ ያ አራት ሰከንድ ከአምስቱ ሳምንት ይረዝማል። ከዛ ተነሳች፣ ማኒፎልዱ ላይ የነካካሁት ዘይት ሲቃጠል ጭስ በጭስ ሆንን፣ ሩጬ ላጠፋት ስል ጋሼ ቀድሞ በውስጥ ነግሮኝ ስለነበር ተውኳት። ፊቷን ዳገት ላይ አድርጌ ሂተሩን ሙቅ ላይ ከፍቼ አየሩን አስወጣሁ። ዘይቱንም ቀየርኩ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ድጋሚ እቀይረዋለሁ። ሰማያዊው ፈሳሽ ሰማያዊ ነው። ኮምፕሬሽን 12.6፣ 12.5፣ 12.4፣ 12.4።

በገንዘብ ካያችሁት፣ የተዋስኩትን ሳልቆጥር ጋራዡ ከጠራልኝ ግማሽ በላይ ወጥቷል፣ ትልቁን የበላው ቶርኖ ቤቱ ነው። ጊዜዬን ብቆጥርበት ኖሮ ከስሬያለሁ፣ አልቆጥረውም።

ካቻቢቴ · ሰኞ ማታ

አላልኳችሁም!!

ነጭ_ጭስ · ሰኞ ማታ

አንተ ያልከው ሌላ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ እውነት ቀንቼብሃለሁ።

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ቅዳሜ ጠዋት (ስድስተኛው ሳምንት)

ውሃው ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም፣ በየቀኑ እያየሁት ነው። አንድ ነገር ግን አለ፣ ከቫልቭ ክዳኑ በቺንጋው በኩል ካለው ማዕዘን ዘይት ያልበዋል፣ ጣት ስነካው ይረጥባል፣ በቀን አንድ ጠብታ ቢሆን ነው። ክዳኑን ሁለቴ አጠበቅኩት ይብሳል እንጂ አልተወም። ጋሼ?

ጥቁር_ጥፍር · ቅዳሜ ጠዋት

ማጥበቁን አቁም ክዳኑን ትሰነጥቀዋለህ። የካምሻፍቱ የመጀመሪያ መያዣ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሲሊኮን ይደረግ ነበር፣ ላስቲኩ ያን ስንጥቅ ብቻውን አይሞላውም። አድርገሃል?

ጀማሪው_ቁልፈኛ · ቅዳሜ ጠዋት

አላደረግኩም። ካርቶኑ ላይ ስሎ የሚያሳይ ብሎን እንጂ ሲሊኮን የለም ሃሃሃ። ከሰዓት እከፍታታለሁ።